ሎብስተር በጨለማ ምግቡ ያለበትን በምን ያውቃል?

«ሽታው ውሃው ውስጥ ተበታትኖ ሳለ አቅጣጫውን እንዴት ይለያል?» ላልከው፦ ሎብስተር (ቅርፊታም የባህር እንስሳ ነው) ግራና ቀኙን እያወዳደረ ነው። ግንባሩ ላይ ባሉት አጫጭር አንቴናዎች ላይ ሽታ የሚለዩ ፀጉሮች አሉ። ሽታው ወደበረታበት ጎን ዞር ይልና የውሃውን ፍሰት ሽቅብ እየተከተለ ይራመዳል። በአሜሪካው ሎብስተር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የአንዱ ጎን አጭር አንቴና ሲቆረጥ አቅጣጫ ጠፍቶበታል።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ሲያርገበግብ ካየህ እያሸተተ ነው። ፈጥኖ ወደ ታች ሲመታ አዲስ ውሃ ፀጉሮቹ መሃል ይገባል፤ ቀስ ብሎ ሲመልሳቸው ውሃው እዚያው ይቆያል። እኛ አየር ስበን እንደምናሸተው መሆኑ ነው።

ተማሪዎቼ ሁሌ የሚምታታባቸውን ልንገርህ፤ ረጃጅሞቹ አንቴናዎች በዋናነት የመዳሰሻ ናቸው። ደግሞ ጉዞውን ሁሉ ለማሽተት አትስጠው። የካሪቢያን እሾሃማ ሎብስተር ከሰፈሩ ርቆ ሲወሰድ የመመለሻውን አቅጣጫ የሚለየው በምድር መግነጢስ ነው። ይህ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል።