ለሕግ ጆርናል ልትጽፉ ላሰባችሁ

ይድረስ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ሕግ ለምትማሩ፣ ተመርቃችሁም ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ።

እንደምን ከረማችሁ? ብዙዎቻችሁ ስለ መምረጥ መብትና ስለ ዴሞክራሲ የጻፋችሁትን «እስቲ ይዩልኝ» እያላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ገና ከርዕሱ ያደክመኛል። «ዴሞክራሲ በኢትዮጵያ፦ ተግዳሮቶችና ተስፋዎች» ይላል። ይሄ ዕድሜ ልክ ቢጻፍ አያልቅም። ኤዲተሩም ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም።

ጠበብ አድርጉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ኢትዮጵያዊ ሁሉ 18 ዓመት ሲሞላው በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት አለው ይላል። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 ደግሞ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። አሁን ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚወርደውን ልጅ አስቡት። ማጭዱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መናኸሪያ ቆሟል። ነዋሪነቱ የት ነው? እናቱ ቤት ወይስ እርሻው ላይ? በምዝገባ ጊዜ እዚህ፣ በድምፅ መስጫው ቀን እዚያ ቢሆንስ? ሕጉ ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ አስቧል፤ ለእሱስ? ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ አዋጁን፣ የምርጫ ቦርዱን መመሪያና የራሱን የልጁን ቃል ብታገናኙ ጽሑፍ ወጣላችሁ።

ታሪክ የሚወድ ካለም ሩቅ አይሂድ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ። መራጩ 21 ዓመት የሞላው መሆን ነበረበት፤ ተመራጩ ደግሞ በወረዳው ንብረት ያለው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። የመጀመሪያው ምርጫም ብዙ ሳይቆይ ተካሄደ። ከዚያ ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ፣ በ1960 የጎጃም ገበሬ አመጸ። መሬታችን በቀላድ ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው የሚል ፍርሃትም ነበረበት። እንግዲህ እንደራሴ የመረጠው ገበሬ እንደራሴዎቹ ባሉበት ምክር ቤት የወጣን ግብር በጠመንጃ ለምን ተቃወመ? ውክልና ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አላውቅም። አመጹን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፤ ሞት ሳይቀድማችሁ ሂዱና ጠይቁ።

አጻጻፍ ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል። በእንግሊዝኛ ስለምትጽፉ ሕጉንም በእንግሊዝኛ ብቻ ታነባላችሁ። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የሕገ መንግሥቱ የአማርኛ ቅጂ ነው ይላል እኮ! ክርክራችሁ በአንድ ሐረግ ላይ ከቆመ አማርኛውን ግለጡ። አዋጅ ስትጠቅሱም ከሰው ፉትኖት (የግርጌ ማስታወሻ) አትገልብጡ፤ አዋጁ የወጣበትን ነጋሪት ጋዜጣ ራሱን አውጡት።

የት ትልካላችሁ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ጆርናል አለ፤ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ሚዛን ሎው ሪቪው አለ፤ አንጋፋው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም አለ። ከመጻፋችሁ በፊት የምትልኩበትን ጆርናል ያለፉ እትሞች አንብቡ፤ ርዕሳችሁን ሰው ቀድሞ ጽፎበት ይሆናል። ለጸሐፊዎች ያወጡትን መመሪያ ቃል በቃል ተከተሉ። ጽሑፉን የሚገመግመው ባለሙያ፣ ሪቪወሩ፣ ማንነታችሁን እንዳያውቅ ስማችሁን ከሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ስለ ጸሐፊው ከሚይዘው መረጃ (ፕሮፐርቲስ) ውስጥም አጥፉ። «ቀደም ባለው ጽሑፌ እንዳሳየሁት» የምትል ፉትኖትም ታጋልጣለች። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች የሚያዘጋጇቸው የሕግ ጆርናሎች አንድን ጽሑፍ ለብዙ ቦታ መላክን ይፈቅዳሉ። በሪቪወር በሚገመገሙት ዘንድ ግን ነውር ነው፤ አንዱ መልስ እስኪሰጥ ጠብቁ። «በ3 ቀን እናትማለን፣ ዶላር ላኩ» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሳታነቡ ሰርዙት።

የሪቪወር አስተያየት ሲመጣ ፊታችሁ አይጥቆር። ጎጃም ባለው የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም አስቦ ያዘጋጀውን ቅኔ፣ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፣ ሲከፋም ይጥሉታል፤ እሱ ተሰደብኩ ብሎ አኩርፎ አይቀርም፣ በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። እናንተም እያንዳንዱን አስተያየት በቁጥር እየጠቀሳችሁ ምን እንዳረማችሁና በየትኛው ገጽ እንደሆነ ጻፉ። ካልተስማማችሁም በጨዋነት አንቀጹን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ፤ ሪቪወርም ይሳሳታል። ውድቅ ከተደረገ የሚረባውን አስተያየት ወስዳችሁ አርሙና ለሌላ ላኩት።

ከአማካሪያችሁ ጋር አብራችሁ የጻፋችሁ ከሆነ ደግሞ የማን ስም ይቅደም የሚለውን ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከታተመ በኋላ ሲሆን ያቀያይማል።