ለሱሉልታዋ እህት፦ ሌዘሩን ለጊዜው ተዪው፣ መጀመሪያ አየሩን አስተካክዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤያለሁ፤ ውይይቱን አሁን ለሚቀላቀል ሰው ባጭሩ ልድገመው። ሱሉልታ ባለው ላብ ሲ. ኤሌጋንስ የሚባለውን ጥቃቅን ትል የነርቭ ዘንግ (ከነርቭ ሴሉ የሚወጣውን ረጅም ክር) በሌዘር ትቆርጫለሽ፣ በማግስቱ መልሶ ማደግ አለማደጉን ታያለሽ። ትሉን አጋሮዝ በሚባል ጄል ላይ ሌቫሚሶል በሚባል መድኃኒት እያደነዘዝሽ አንድ በአንድ በእጅ ስለምትሠሪ ቀኑን ሙሉ ለፍተሽ የሚወጣልሽ ጥቂት ነው። «በቺፕና በአርዱይኖ ኦቶማቲክ ላድርገው፣ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። ቺፕ ያልሽው ትሉ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች ያሉበት የሲሊኮን ቁራጭ ነው፤ አርዱይኖ ደግሞ ቫልቮቹን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ ስለ ካሜራና ስለ ሶፍትዌር ጽፈዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ቀንሽን የሚበላው እሱ አይደለም።

መቁረጡ ራሱ የሰከንዶች ሥራ ነው። ቀኑን የሚጨርሰው ትሉን መያዝ፣ ቀጥ ማድረግና በሕይወት መልሶ ማውጣት ነው። ስለዚህ ኦቶማቲክ መሆን ያለበት መያዣው ነው፤ መያዣው ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው። የምታነቢው ፕሮቶኮል ሁሉ የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ላሉ ሰዎች መሆኑን እንዳትረሺ።

1. ቫኪዩም ላይ አትመኪ። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። አዲስ አበባ 76 ገደማ፣ እናንተ እንጦጦን ተሻግራችሁ 73 ገደማ ናችሁ። ትሉን በጎን በኩል መጥጦ የሚይዘው ቺፕ «በ80 ኪሎፓስካል ሳቢ» ካለሽ፣ እዚያ የሌለ አየር ልትስቢ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚፈታ ጤነኛ ፓምፕ አለ። ትሉን ከላይ በስስ ሽፋን ተጭኖ የሚይዘውን ምረጪ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የአዴላ ቤን-ያካር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ኔቸር ሜተድስ መጽሔት ላይ ያሳየው የዚህ ዓይነቱን ነው። የሚፈልገው የተጨመቀ አየር ነው፤ ሬጉሌተሩ (የግፊት መቆጣጠሪያው) የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ስለሆነ 100 ካለ ሱሉልታም 100 ነው። ቺፑ የሚሠራበትን ሲሊኮን ከአረፋ ለማጥራት የሚያስፈልግሽን ትንሽ ቫኪዩም ከአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ማግኘት ትችያለሽ፤ ምን አለሽ ተራ ሞልቷል። በሳቢው በኩል ብቻ ተጠቀሚበት፣ የሚተፋው በኩል ዘይት ይረጫል።

2. አውቶክሌቭሽ (በእንፋሎት ማምከኛሽ) የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ላይ ቆሞ «121 ዲግሪ» የሚል አሮጌ ድስት ከሆነ ይዋሽሻል። እናንተ ጋ ያ ግፊት 116 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ይጠይቃል፤ ድስቱ ለዚያ ካልተሠራ አታስገድጂው፣ ጊዜውን ከ15 ወደ 50 ደቂቃ አርዝሚው። ይህ የትሎቹን ምግብ ለማምከን ብቻ አይደለም፤ ሳህን ላይ የበቀለች የሻጋታ ክር 35 ማይክሮሜትር ቦይ ውስጥ ስትገባ ቺፑን ትዘጋለች።

3. ቫልቭ። እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ገበያ ላይ ረከስ ብሎ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ) ለውኃ ማሽን የተሠራ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ሲከፈት አየር ያስገባል፣ ሲዘጋ የገባውን አየር እዚያው ቆልፎ ይይዛል። ፕሮግራምሽ «ልቀቅ» ብሎ አዝዟል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሽፋኑ ግን ትሉን እንደተጫነ ነው፤ ስታወጪው ሞቷል። ከዚያ ኮዱን ስትመረምሪ ትሰነብቻለሽ፣ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም። የሚያስፈልግሽ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ሲጠፋ የቺፑን መስመር ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ። «ለአየር፣ ሦስት መንገድ» ብለሽ ዘርዝረሽ ካላዘዝሽ ባለ ሁለቱን ይሰጡሻል፣ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የሚመልስልሽ ነጋዴ የለም። ስድስት ይበቁሻል፤ ስምንት ግዢ፣ ሁለቱ መለዋወጫ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፣ የቀረው ሁሉ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ ነው።

አርዱይኖ ቫልቭ በቀጥታ አይነዳም። ዩኤልኤን2803 የሚባል አንድ አይሲ (የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ስምንት ቫልቭ ይነዳል። 10ኛውን እግር ከቫልቮቹ ፖዘቲቭ ጋር ማገናኘት አትርሺ። እሱ ሲረሳ በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ሥራ የላቸውም፤ የቫልቩ ጥቅልል ሽቦ ሲጠፋ የሚመልሰው የቮልቴጅ ምት አይሲውን ያቃጥላል፣ አርዱይኖውንም ያንዘፈዝፋል። የኃይል ምንጩና የአርዱይኖው ግራውንድም አንድ ይሁን። ሌላው ማንም የማይነግርሽ ነገር፦ ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ መስመሩን በከፈተ ቁጥር አርዱይኖው እንደ አዲስ ይነሣል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የፓይተን ፕሮግራም ስታስነሺ ቫልቮቹ በአንዴ ይጠፋሉ፣ የያዝሽው ትል ያመልጣል። ኮዱን ጭነሽ ከጨረስሽ በኋላ በአርዱይኖው የሪሴትና የግራውንድ እግሮች መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጊ፤ አዲስ ኮድ ስትጭኚ አውጪው።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ ወስኚ። የትሉ መጫኛ (ትሉን የሚጫነው ሽፋን) ሲጠፋ የሚለቅ ይሁን። የመግቢያው በር (ትሉ ወደ ቺፑ የሚገባበትን ቦይ በአየር ግፊት የሚዘጋው) ግን በተቃራኒው ኃይል ሲያጣ የሚዘጋ ይሁን፤ አለዚያ ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ትል ሁሉ ቺፑ ውስጥ ይጎርፋል። የጎሚስታ ዓይነት ባለ 24 ሊትር ኮምፕረሰር ታንኩ ሙሉ ከሆነ ሞተሩ ቆሞም በሩን ዘግቶ ያቆያል። ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ፣ ለአርዱይኖውና ለቫልቮቹ ተዪለት። ከኮምፕረሰሩ ቀጥሎ የውኃና የዘይት ማጣሪያ ያለው ሬጉሌተር የግድ ነው። ቴፍሎን ስትጠቀልዪ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዪው፤ የተበጠሰች ቁራጭ ቫልቭ ውስጥ ገብታ ግማሽ ክፍት ታደርገዋለች፣ ከዚያ «ይሠራል አይሠራም» እያልሽ ትኖሪያለሽ።

የቺፑን የመቆጣጠሪያ ቦዮች በውኃ ሙያቸው። ባዶ ከሆኑ አየሩ በሲሊኮኑ ውስጥ ሰርጎ ትሉ ያለበት ቦይ ውስጥ አረፋ ይሠራል። በሮቹ የሚሠሩት በ150 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ መጫኛውን ከ60 ጀምረሽ በ10 በ10 ከፍ አድርጊ፣ 100 አካባቢ ትሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቦይሽ ጠርዙ ማዕዘን ከሆነ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ጥግ ጥጉ ክፍት ይቀራል። አትጨነቂ፤ ፈሳሹ ያልፋል፣ ትሉ አያልፍም። እንዲያውም ይህ ወንፊት ይሆንልሻል።

ሌቫሚሶሉን በዚህ መንገድ ትገላገዪዋለሽ። የአሴቲልኮሊን መቀበያ ላይ የሚሠራ የበግ የትል መድኃኒት ነው፤ ነርቭ እያጠናሽ ነርቭና ጡንቻን የሚነካ መድኃኒት ባይኖር ይሻላል።

ስለ ትሎቹ ብዙ አልልሽም፣ ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቺፑ የሚሠራው ለአንድ ውፍረት ነው። የሱሉልታ ሌሊት ብርድ ነው፤ ትሎቹ ጠረጴዛ ላይ ካደሩ እድገታቸው ይዘገያል፣ «ነገ ከሰዓት» ያልሽው ለከነገ ወዲያ ይተርፋል። ኢንኩቤተሩ 20 ዲግሪ ላይ ይቁም፤ እናንተ ጋ ማቀዝቀዣ ሳይሆን ማሞቂያና ቴርሞስታት ነው የሚያስፈልገው። እኩያ ትሎች ለማግኘት እንቁላሉን በበረኪና ስታወጪ አዲስ የተከፈተ ጠርሙስ ተጠቀሚ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ በረኪና ኃይሉ ያልቃል፣ አንቺም ሰዓት ስታራዝሚ እንቁላሉን ትገድያለሽ። ከ5 ደቂቃ አትለፊ፣ ሦስት ጊዜ በኤም9 (ትሎቹ በሚታጠቡበት የጨው ፈሳሽ) እጠቢ። ወደ ቺፑ ከመግባታቸው በፊት ኤም9ኙን አጣሪው፣ 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 የሚባለውን ሳሙና መሰል ፈሳሽ ጨምሪበት፤ አለዚያ ቱቦው ላይ ይለጠፋሉ። ሲሪንጁን ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ አቁሚው፤ ካጋደምሽው ትሎቹ ጎኑ ላይ ተኝተው የሚወጣልሽ ባዶ ፈሳሽ ነው።

ካሜራው የነርቭ ሴሉን ይፈልግ፣ ትኩረቱን ያስተካክል፤ «ቁረጥ» የሚለውን ግን አንቺ ጫኚው። የጅራቱን የመዳሰሻ ነርቭ ፒኤልኤምን ከሴሉ አካል 50 ማይክሮሜትር ርቀሽ የምትቆርጪ ከሆነ ፕሮግራሙ ቦታውን ምልክት ያድርግ። የአንጀቱን የራስ ብርሃን ከነርቭ ለይቶ የማያውቅ ኮድ አንጀት ይቆርጥልሻል። ይህን ሙሉ በሙሉ ኦቶማቲክ ለማድረግ የሚጠፋው ወር ለሁለት ሰከንድ ቁጠባ ነው፤ በእኔ ግምት አያዋጣም።

የሌዘሩ ተራሽ በማይደርስበት ቀን ሥራ አትፍቺ። ቤታ-ስፔክትሪን የሚባለው የነርቭ ዘንግን የሚያጠነክር ፕሮቲን የሌላቸው፣ የዩኤንሲ-70 ጂን የተበላሸባቸው ትሎች ሲንቀሳቀሱ የነርቭ ዘንጋቸው በራሱ ይበጠሳል፣ መልሶም ለማደግ ይሞክራል። በዚያ ላይ ዲኤልኬ-1 የሚባለውን ጂን ብታጠፊ እድገቱ እንደሚቀር እ.ኤ.አ. በ2009 የታወቀ ስለሆነ ያደገና ያላደገ ዘንግ ለምትቆጥሪበት ዘዴ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዝርያዎቹ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ካለው የዝርያ ማዕከል ይገኛሉ። ትሎቹን ለማስገባት የምታጽፊው ደብዳቤ ላይ «ሰውንም እንስሳንም ተክልንም የማያጠቃ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር፣ ማኅተሙም ይድመቅ። መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ «ትል? ከውጭ?» ብሎ ሲስቅ የሚያድንሽ ያ መስመር ነው፤ በቃል ብታስረጂው አይሰማሽም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌዘሩን አታብሪ። 50 ትል አሳልፊ፣ ተጭነሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ በማግስቱ የሚንቀሳቀሱትን ቁጠሪ። ከ47 በታች ከሆኑ መጫኛውን በ10 ኪሎፓስካል ቀንሺና ድገሚ። 47 ሲሞላ ጻፊልኝ፣ የፓይተኑን ኮድ እልክልሻለሁ።