ለችግኝ መትከያ ዲግሪ?

ሰላም እህቴ። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ እየጠበቅሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ደን ሳይንስ ልትሞዪ ነው። አባትሽ ደግሞ «ክረምት በመጣ ቁጥር ሁላችንም እየተከልን አይደል፣ ለዚህ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ብለው ቤቱን አናግተውታል። ምን ይጠይቃል፣ ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄሽ።

መግቢያው አያስፈራም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነሽ፣ 12ኛን 50 በመቶ አልፈሽ ገብተሻል፤ የቀረው የፍሬሽማን ውጤትሽና ምርጫሽ ነው። ሰው እንደ ጤናና ኢንጂነሪንግ አይጋፋበትም። ፍሬሽማኑን ጨምሮ 4 ዓመት ነው።

ትምህርቱ ያለው ወንዶ ገነት ኮሌጅ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ራሱ በዕድሜ የሚበልጠው። ፍል ውሃ ልትታጠቢ የሄድሽበት ወንዶ ገነትና ተማሪ ሆነሽ የምትኖሪበት ግን ለየቅል ናቸው። ዳገት ነው። ሲዘንብ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ቦቲ ግዢ፣ ስኒከርሽ ሐዋሳ ይቆይ።

ደን እወዳለሁ ብለሻል። ጥሩ ነው፣ ግን መውደድ ሌላ መለካት ሌላ፤ ብዙ ልጆች የሚያዝኑትም ከስታቲስቲክስ አመለጥኩ ብለው ገብተው እዚያው ሲጠብቃቸው ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት እሁድ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ሂጂ። ዓሣውን ብትበዪም አልከለክልሽም። ሲባጎ ያዢ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ የሐይቁን ዳር ትልልቅ ዛፎች አይዞርም። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ሲባጎውን ግንዱ ላይ አዙሪ፣ ርዝመቱን ለኪና ለ3.14 አካፍዪ። ዙሪያው 314 ሳንቲሜትር ከሆነ ውፍረቱ 1 ሜትር ነው ማለት ነው። ባለሙያውም የሚለካው እዚህችው ከፍታ ላይ ነው፤ ዛፉ ተዳፋት ላይ ከቆመ ደግሞ 1 ሜትር ከ30ውን የምትቆጥሪው ከዳገቱ በኩል ነው።

አንዱን ስትለኪ ደስ ይላል። አሁን ደግሞ 20 ሜትር በ20 ሜትር ቦታ ተከልሎ፣ ውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ በስምና በውፍረት እየመዘገብሽ፣ እየዘነበ፣ ጉንዳን ካልሲሽ ውስጥ ገብቶ፣ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው መሄድሽን አስቢ። 30ኛው ዛፍ ላይ «ይሄን በዓይን ልገምተው» ካላልሽ ግቢበት።

ለአባትሽ ስለ ሁምቦ ንገሪያቸው። ወላይታ ነው፣ ሩቅ አይደለም። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንደገና ደን ሆኗል፣ አብዛኛውም በችግኝ አይደለም። ከአፈሩ ሥር ጉቶው በሕይወት ነበረ፤ ከብትና መጥረቢያ ተከልክሎ፣ ከሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ጠንካራው እየተመረጠ ሌላው እየተገረዘ ነው የተነሳው። ገበሬዎቹም በማኅበር ተደራጅተው በዓለም ባንክ በኩል ካርቦን ሸጠዋል፣ ማለትም ደኑ ከአየር ስቦ ለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። እዚያ ተራራ ላይ መጀመሪያ ያስፈለገው ችግኝ የተሸከመ ሰው ሳይሆን ጉቶው ሞቷል ወይስ ተኝቷል ብሎ የሚያይ ሰው ነው።

ሥራውን በተመለከተ አልዋሽሽም። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ብትገቢ ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ ሞተር ሳይክል ላይም ትውያለሽ። በተረፈ ትልልቅ የደን ድርጅቶችና የካርቦን ፕሮጀክቶች አሉ። እነሱ ጋ የሚያስገባሽ ካርታ መሥራት መቻልሽ ነው፤ ጂአይኤስን፣ በኮምፒውተር ካርታ የሚሠራበትን ትምህርት፣ ለፈተና ብቻ አትማሪው። ቋንቋም አለ። የሐዋሳ ልጅ ሆነሽ አማርኛ ብቻ ይዘሽ ሲዳማ ወይም ኦሮሚያ ገጠር ገብተሽ ገበሬውን ከብትህን ከደኑ አውጣ ማለት ያስቸግራል፣ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ከአሁኑ ጀምሪ። የመውጫ ፈተናም አለ፣ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም።

እሁድ የለካሽውን ላኪልኝ፣ ሒሳቡን አብረን እናየዋለን። ከቻልሽ አባትሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል።