አማርኛው የጥያቄ ምልክት ከመሆኑ በፊት

ወንድሜ፣ «ለአንድ ማኅበር የአማርኛ ድረ ገጽ ልሠራ ነው፤ የሚጠቅሙ መሣሪያዎችን ጠቁሙኝ» ብለህ ለጠየቅኸው ሌሎች የዘረዘሩልህ ሁሉ መልካም ነው። ኮድ የሚጻፍበትን ቪኤስ ኮድንና የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን ሳትለምድ ግን ሥራ እንዳልተቀበልክ እገምታለሁ። ደንበኛህም እንደ እኔው ደንበኛ በዋጋ ርካሽ የሆነውን ሰርቨር አስቀድሞ ተከራይቶ እንደሚጠብቅህ አልጠራጠርም። ስለዚህ በቀጥታ ወደሚያቃጥለው ልግባ።

1. ፎንት። በአንባቢው ስልክ ላይ ያለውን ፎንት አትመን፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት በዎፍ2 (ለድረ ገጽ በተጨመቀ የፎንት ፋይል) መልክ ከገጹ ጋር ላክለት። ፊደሎቻችን ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ስለሚረዝሙ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አድርግ። ከዚያ በክሮም አሳሽ የገንቢ መሣሪያ ውስጥ የኔትወርኩን ፍጥነት ወደ 3ጂ ዝቅ አድርገህ ገጹን ክፈተው። የቢሮ ዋይፋይ ያታልላል።

2. ፍለጋ። አባሉ ስሙን «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ጸሐፊዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልገዋለች፤ አታገኘውም፤ ስልክ የሚደወለው ለአንተ ነው። በዳታቤዙ (መረጃው በሠንጠረዥ በሚቀመጥበት መዝገብ) ውስጥ ከስሙ ዓምድ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ጨምር፤ በእሱ ውስጥ ሐን፣ ኀንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልስ። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ ለውጠህ አነጻጽር። ዋናውን ስም ግን አትንካ፤ ሰው ስሙን ራሱ እንደሚጽፈው ማየት ይፈልጋል፣ ልክም ነው።

3. ዳታቤዝ። ይህን ሁለቴ አንብበው። የማኅበራችንን ሰርቨር ያከራየው ድርጅት ለማንም ሳይናገር በአንድ ሌሊት ዳታቤዙን ወደ ሌላ ማሽን አዛወረው። በማግስቱ የአባላቱ መዝገብ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል፤ ስልክ ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ አሉ። ስደውል «እንግሊዝኛው ደህና ስለሆነ ችግሩ የእናንተ ፕሮግራም ነው» ተባልኩ። በአካል ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንዱ ባለሙያ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «በእንግሊዝኛ ብትጽፉት ምን አለበት?» አለኝ። ይህን የሚለኝ በአዲስ አበባ መሐል፣ በአማርኛ ነው!

የሆነው ይህ ነው። የዳታቤዙ ፕሮግራም ማይኤስኪውኤል ነው፤ የቆየው ምንም ካልነገርከው ሠንጠረዡን የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በሚይዘው በላቲን1 ይፈጥረዋል፤ አማርኛን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) መነሻው የሆነው በ2018 ከወጣው ከ8.0 ጀምሮ ነው። እነሱ አዲሱን ሠንጠረዥ በላቲን1 ፈጥረው መረጃችንን ገለበጡበት። በላቲን1 ውስጥ ቦታ የሌለው ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። የማይገጥም መረጃ እንዳይገባ የሚከለክለው ቅንብር፣ ስትሪክት ሞድ፣ ቢበራ ኖሮ ስህተት ብሎ ይቆም ነበር፤ እሱንም አጥፍተውታል።

አንድ ነገር ለይ፤ የጥያቄ ምልክት የሆነ ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ማንም አይመልሰውም። ጽሑፉ በላቲን ዝባዝንኬ ተሞልቶ፣ በየመካከሉ አናቱ ላይ ጭረት ያለው የላቲን «ኤ» የሚደጋገም ከሆነ ግን አትደንግጥ፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ስለሚይዝ ሦስቱ ለየብቻ ተነብበው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከተጠራጠርክ የተቀመጡትን ባይቶች በቁጥር በሚያሳየው በሄክስ ትእዛዝ ዓምዱን እየው፤ የጥያቄ ምልክት ኮድ የሆነው 3ኤፍ 3ኤፍ እያለ ከሄደ አልቋል።

እኛን ያተረፈን በየሌሊቱ ሌላ ቦታ የማስቀምጠው ቅጂ ነው። ሠንጠረዡንም ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነትም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጌ፣ ከምሳ በፊት ስሞቹን በሙሉ መለስኩ። ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ «የመረጃ ጥገና» የሚል ክፍያ ጨምሮ ሂሳብ ላከልን። ጥገናውን የሠራሁት እኔ፣ ሂሳቡን የሚጠይቁት እነሱ! ሊቀ መንበሩ ሊከፍል ሲል ነው የደረስኩበት። አንተ ከመፈረምህ በፊት ሙሉ ቅጂ በፈለግህ ጊዜ የማውረድ መብትህ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ በቃል «ችግር የለም» የሚሉህን አትቀበል።

በአራተኛ ደረጃ ስለ ቀን ልጽፍልህ ነበር፣ ረዘመብኝ። በአጭሩ፣ በአሳሽ ውስጥ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ኢንትል የተባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ቀን ለማሳየት የራስህን ስሌት አትጻፍ። የአሳሹ የቀን መምረጫ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለሚሠራ ለመመዝገቢያ ቅጹ የወሮቹን ዝርዝር ራስህ አዘጋጅ፤ ጳጉሜን እንዳትረሳ፣ በጳጉሜን የተወለደ አባል አይጠፋም።