ፖሊስ የጦር ሠራዊት ዕቃ እንዳያከማች ማድረግ ይቻላል?

ወንድሜ፣ «የከተማችን ፖሊስ ይህን የጦር ሜዳ መኪና ከየት አመጣው? ማስቆምስ ይቻላል?» ላልከው፣ አዎ ይቻላል። ካሊፎርኒያ መኖርህ ደግሞ በጣም ይጠቅምሃል።

ብዙ ጊዜ ምንጩ 1033 የሚባለው ፕሮግራም ነው። የአሜሪካ መከላከያ የተረፈውን ዕቃ ለፖሊስ በነፃ ይሰጣል። የማጓጓዣውንና የጥገናውን ወጪ ፖሊስ ይሸፍናል። በፌዴራል ድጎማ ወይም በከተማው በጀት የሚገዛም ስላለ 1033ን ብቻ አትከተል።

ከዋይት ሀውስ ብዙ አትጠብቅ። በ2014 በሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ከተማ ፖሊስ በጦር ሜዳ ዕቃ ሰልፈኞችን ሲገጥም ካየን በኋላ፣ ኦባማ በ2015 በሰንሰለት የሚሄዱ ብረት ለበሶችን፣ የቦምብ ማስወንጨፊያና ሳንጃን ከለከሉ። ትራምፕ በ2017 ሻሩት። ባይደን በ2022 ገደቡን መለሱ፤ ትራምፕ በ2025 እንደገና አነሱት።

የሚያዋጣው የግዛቱ ሕግ ነው። በ2021 የጸደቀው ኤቢ 481 ፖሊስ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛትም ለመጠቀምም የከተማውን ምክር ቤት ይሁንታ በይፋ ስብሰባ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ረቂቅ ፖሊሲው ከስብሰባው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለበት። በየዓመቱም ሪፖርት አለ፦ ዕቃው ለምን ዋለ፣ ስንት ወጣበት፣ ምን ቅሬታ ቀረበ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ ለታጋች ማስለቀቂያ ተብሎ የመጣ መኪና ሰላማዊ ሰልፍ ላይ መቆሙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሪፖርቱን ፈልገህ «ለምን ዋለ» የሚለውን በደንብ አንብብ። ሪፖርቱ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ፖሊስ ሕዝብ የሚጠይቅበት ስብሰባ መጥራት ግዴታው ነው። እዚያ ተገኝተህ ጠይቅ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን እናቶችና አባቶችም ይዘህ ሂድ፤ አስተርጓሚ እንዲመደብ ቀደም ብለህ ጻፍላቸው።