ቢጫው ጠርዝ ለምን ጠፋ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅጠሏ ዳር ዳሩን ቢጫ የሆነ፣ ስኔክ ፕላንት የምትባል የቤት ውስጥ ተክል ነበረችሽ። አንድ ቅጠል ቆራርጠሽ ተከልሽ፤ ከወራት በኋላ የበቀሉት ግን አረንጓዴ ብቻ ሆኑ። እናትየዋ ደግሞ ከሥሯ መለስለስ ጀምራለች። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የምኖረው፤ ሁለቱም ደርሶብኛል።

የሚያስቸኩለው የእናትየዋ ጉዳይ ነው። ዛሬውኑ ከፖቱ አውጪያት። አፈሩን አራግፈሽ የለሰለሰውንና የሚሸተውን ሁሉ፣ ጠንካራው ክፍል ላይ እስክትደርሺ ድረስ በንጹሕ ቢላ ቁረጪ። እኔ ቁስሉ ላይ የደቀቀ ከሰል እነሰንስበታለሁ። ከዚያ ዝናብ በማያገኛት ጥላ ሦስት አራት ቀን ትድረቅ። ሳይደርቅ ከተተከለ መበስበሱ ይቀጥላል።

አፈሩንም ቀይሪው። የእኛ ቀይ አፈር ለቡና ግሩም ነው፤ ፖት ውስጥ ግን ይጠቀጠቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ስላለ የቡና ገለባ እንቀላቅላለን። ለጎመንና ለጽጌረዳ እሺ፤ ለዚች ተክል ግን እርጥበት ስለሚይዝ አልመክርሽም። ተክሏ የምዕራብ አፍሪካ ናት፤ እንደ እሬት ውሃዋን ቅጠሏ ውስጥ ትቋጥራለች። እኔ ሁለት እጅ ሻካራ የግንባታ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈርና ትንሽ የተሰባበረ ከሰል እጠቀማለሁ። ፖቱ ከታች መበሳቱን አረጋግጪ።

ክረምቱን በረንዳ ላይ አታቆያት። ጅማ እርጥበቱ ራሱ ብዙ ነው። እኔ ሐምሌና ነሐሴ ወር ሙሉ ውሃ ሳልሰጣት የምቆይበት ጊዜ አለ። በበጋ ስንጥር እስከ ታች እሰድና ደርቆ ከወጣ ብቻ አጠጣለሁ።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ምንም አላጠፋሽም። ቢጫው ጠርዝ ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውንና ከብርሃን ምግብ ለመሥራት የሚያስችለውን ነገር፣ መሥራት የማይችሉ ሴሎች ያሉበት ነው። ተክሏ ሁለት ዓይነት ሴል አንድ ላይ ተሸክማ ነው የምትኖረው። ከተቆረጠ ቅጠል የሚነሳው ቡቃያ ግን ከአረንጓዴው ክፍል ስለሚወጣ ጠርዙን ይዞ አይመጣም። ማዳበሪያም ብርሃንም አይመልሰውም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰባት ቁራጭ ተክዬ ዓመት ሙሉ ቢጫውን ጠብቄያለሁ፤ በጣም ነበር ያዘንኩት።

ቢጫውን የሚያወርሰው ከሥር መክፈል ነው። ሙዝ ከጎኑ ልጅ እንደሚያወጣ፣ እሷም አፈር ውስጥ ከሚሄደው ወፍራም ግንዷ ልጅ ታወጣለች። ልጁ ስንዝር ሲያህልና የራሱን ሥር ሲያበጅ፣ ከግንዱ ቁራጭ ጋር ለይተሽ ቁስሉን አድርቀሽ ትከዪው። የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ አትስጪው።

ቢጫ ያላት ከአረንጓዴዋ ቀስ ብላ ነው የምታድገው፤ ምግብ የሚሠራው የቅጠሏ ክፍል አነስተኛ ነውና። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አድርጊያት። የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥላታል።

አረንጓዴዎቹን እንዳትጥያቸው። ጤነኞች ናቸው፤ ብርሃን ያነሰበት ኮሪደርም ይችላሉ።

እናትየዋን ስታወጪያት የሥሯን ፎቶ እዚህ ለጥፊልን። ከግንዷ ጠንካራ ነገር ካልተረፈ ቅጠሏን መትከል ትችያለሽ፤ የሚበቅለው ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። እንደዚያ ከሆነ አትዘኚ። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ቀለል ሲል የእኔን እከፍላታለሁ፤ አንዷ ልጅ ያንቺ ናት።