«ያ ሰውዬ ጥሩ ሰው አልነበረም ወይ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጅና የ11 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እንግሊዝ አገር የምትኖር አክስታቸው ለበዓል ስትመጣ «ዶክተር ሁ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ይዛላቸው መጣች። በሰማያዊ ሣጥን ተሳፍሮ በዘመናትና በከዋክብት መካከል ስለሚጓዝ ሰው የሚተርክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለን፣ ቆሎ ይዘን፣ አንድ ባና ለብሰን አባታቸውም ጭምር አብረን እናይ ነበር። እንግሊዝኛውን የምታስረዳን ትንሿ ናት። አንድ ምሽት ግን ዶክተር የተባለው ሰው ከሌላ ወንድ ጋር በፍቅር ሲተያይ፣ ኋላም ሲሳሳም አየን። ባለቤቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በማግስቱ ልጆቹ ተደብቀው ቀሪውን ጨርሰውታል። ትንሿ ዓይኗ ቀልቶ መጣችና «እማዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ ለሌላ ሰው ብሎ ራሱን ሰጠ። ጥሩ ሰው አልነበረም ወይ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ፍላሹ ይቃጠል ይላል። አማቴ «ይህን ያየ ዓይን ለቁርባን አይበቃም» ብለዋል። ልጆቼ ቆራቢዎች ናቸው። ወንዱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የማይወደውን ልጅ ሁሉ በዚያ ስም መስደብ ጀምሯል። ፍላሹን እኔው ደብቄዋለሁ። ማየታችን ኃጢአት ነው? ለልጄስ ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ አማትሽን እናሳርፍ። ልጆቹ በዚህ ምክንያት ከቁርባን አይከለከሉም። ከቅዱስ ቁርባን ማን ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የንስሐ አባታችሁ ነው፤ አያትም፣ አባትም፣ እኔም በዚህ ሥልጣን የለንም። ሳያስቡት ዓይን ላይ የወደቀ ነገርና ሰው ፈልጎት፣ ተመኝቶት የሚያየው ነገር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጌታም በተራራው ስብከቱ ማየትን ከመመኘት ጋር አያይዞ ነው የወቀሰው። ተደብቀው መጨረሳቸውን ግን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፊልሙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ መደበቁ ነው።

ይህን መልስ ከመጻፌ በፊት ክፍሉን ራሱን አየሁት። እንግሊዝኛዬ እንደ ቅኔዬ አይደለምና ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ዲያቆን አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። መምህር ይህን ያያል ወይ ብሎ የሚደነግጥ ይኖራል። ሳያዩ መፍረድ ቀላል ነበር፤ ለእኔ ግን ስንፍና ሆኖ ታየኝ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1813 በእንግሊዝ አገር በአንድ የመኳንንት ግብዣ ላይ የሚፈጸም ነው። የወፍ ፊት ያላቸው፣ የገደሉትን ሰው መልክ የሚለብሱ ፍጡራን ከታዳሚው መካከል ገብተዋል። ዶክተሩና ፍጡራኑን አሳድዶ ሊይዝ የመጣው ሌላው ሰው መጀመሪያ ይጠራጠራሉ፣ ቀጥሎ ይቀራረባሉ፣ በግብዣተኛው ሁሉ ፊት አብረው ይደንሳሉ። በመጨረሻ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ የሆነችው ወጣት፣ ፍጡራኑን ወደ ሌላ ዓለም ለመስደድ በተዘጋጀው ወጥመድ ውስጥ ትገባለች። ዶክተሩ እርሷን አሳልፎ መስጠት አቃተው። ያ ሰው ዶክተሩን ስሞ የወጥመዱን መቆጣጠሪያ ከእጁ ወሰደ፤ ወጣቷን ገፍቶ አወጣና በእርሷ ቦታ ራሱን አስገባ። ልጅሽ ያለቀሰችው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ዲያቆኑም ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ስለ ፊልሙ ጥቂት እንነጋገር፤ በአካባቢያችን የሚወራው ሁሉ ልክ አይደለምና። ይህ ተከታታይ ፊልም በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ነው። ቅዳሜ ምሽት ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲያየው የተሠራ ነበር። በ1989 ተቋረጠ፤ በ2005 እንደገና ያስጀመረው ጸሐፊ ራስል ቲ ዴቪስ ይባላል። ይህ ሰው ወንድ ወዳጅ መሆኑን ያልደበቀ ሲሆን ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በማንችስተር ከተማ ስለሚኖሩ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ድራማ ሠርቷል። «ዶክተር ሁ» በተመለሰበት በዚያው ዓመት ወንድም ሴትም የሚወድ አንድ ገጸ ባሕርይ በፊልሙ ገባ። በ2017 ከዶክተሩ ጋር የምትጓዘው ዋና ገጸ ባሕርይ ሴት የምትወድ ሴት ሆነች። በ2023 ደግሞ ወንድ ሆና ተወልዳ እንደ ሴት የምትኖር ልጅ ተጨመረች። «ስታር ትሬክ» የሚባለው የአሜሪካኖቹ የጠፈር ፊልምም በ2017 በጀመረው አዲስ ክፍሉ በመርከቧ ላይ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪን እንደ ባለትዳር አሳይቷል። እንግዲህ በስውር የገባ ነገር የለም። ሠሪዎቹ ያመኑበትን በግልጽ ሠርተዋል፣ በግልጽም ይሟገቱለታል።

ለምን እንዲህ እንደሚያስቡም ማወቅ ይጠቅማል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 የአካባቢ መስተዳድሮች ይህን ጉዳይ እንዳያስፋፉ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። መምህራን ስለ ነገሩ ከመናገር ይልቅ ዝምታን መረጡ። ሕጉ በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 ተሻረ። በዚያ ዘመን በኀፍረትና በፍርሃት ያደጉ ሰዎች ዛሬ ደራሲና አዘጋጅ ሆነው «ልጆች እኛን የመሰለ ሰው በመልካም ተሥሎ ይዩ» ይላሉ። ምክንያታቸውን መስማት ከእነርሱ ጋር መስማማት አይደለም። ያልሰማነውን ግን መመለስ አንችልም።

ልጆችሽ በዶክተሩ መማረካቸውም አላስገረመኝም። ተዋናዩ ሩዋንዳ የተወለደ፣ በ1994ቱ የዘር ፍጅት ጊዜ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ ስኮትላንድ ያደገ ነው። ከዋክብትን የሚያቋርጠው ሰው ፊቱ የእኛን ፊት ሲመስል አንድ የሐበሻ ልጅ ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግልጽ ነው፤ ላለሰልሰውም ሥልጣን የለኝም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ኦሪት ዘፍጥረት መልሷቸዋል፤ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው፣ ሁለቱም አንድ ሥጋ ይሆናሉ። ተክሊል የሚደርሰው በዚህ ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 1 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከባሕርይ ውጭ የሆነ ብሎታል። ልጆችሽ ይህን ከአንቺና ከአባታቸው አፍ በተረጋጋ ድምፅ ሊሰሙት ይገባል። ቴሌቪዥን በማጥፋት ብቻ የሚተላለፍ ትምህርት ግን የለም። ያን ምሽት ልጆቹ የተማሩት፣ አባታችን የሚፈራው ነገር አለ የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገድ ልውጣ። የምንኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ብርሃን ወረደ፣ ንጉሡም በስፍራው ቤተ ክርስቲያን ተክሎ ደብረ ብርሃን አለው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለ ሰማይ የሚተርክ ተረት ቢወድ ከአገሩ ታሪክ አልራቀም። በዓል ሲሆን የማንተርከው ሌላም ክፍል አለ። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በመናፍቅነት ተከስሰው በድንጋይ ከተወገሩ ከሳምንታት በኋላ ነበር፤ ንጉሡም ብርሃኑን የሥራው ምስክር አድርጎ ቆጠረው። ብርሃኑን በደስታ አስተምራለሁ። ድንጋዩ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይቀንሳል።

ይህን ያነሣሁት በወንዱ ልጅሽ ምክንያት ነው። ስድቡን ቀላል አድርገሽ አትይው። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6ን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ። ሐዋርያው የእግዚአብሔርን መንግሥት የማይወርሱትን ሲዘረዝር ልጅሽ የሚሰድብበትን ነገር ጠቅሷል። በዚያው እስትንፋስ ሌባውን፣ ገንዘብ የሚመኘውን፣ ሰካራሙንና ተሳዳቢውንም ጨምሯል። ተሳዳቢው ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ሆኖ ጎረቤቱን ነው የሚሰድበው። ወዲያው ደግሞ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደነዚህ ነበራችሁ» ይላል፤ ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለአማኞች ነው። ሰዶምንም ስናነሣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 ትዕቢቷን፣ ጥጋቧንና የድሃውን እጅ አለመደገፏን መቁጠሩን እንረሳለን። ሲሰበክ ስንት ጊዜ ሰምተሻል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰበክሁት ብዬ ብጠየቅ አፍራለሁ።

ደግሞም ከልጅሽ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ይህን ትግል ለማንም ሳይናገር የሚታገል ልጅ ሊኖር ይችላል። በንስሐ አባትነት የሰማሁትን መቃብር ድረስ ይዤው እሄዳለሁ። ነገሩ የእንግሊዞች ጉዳይ ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ ግን ይህን ያህል እልሻለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ንስሐ አባት የሚመጣው በሰፈሩ ስድብ ካልተሰበረ ነው። የስድብ ድንጋይ የቀመሰ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ይሸሻል፤ የሄደበትንም አናውቅም።

አሁን ወደ ትንሿ። «ያ ሰውዬ ጥሩ ሰው አልነበረም ወይ?» ብላሻለች። እኅቴ፣ እንዳትዋሻት። «ክፉ ነበር» ብትያት ዓይኗ ያየውን ካጂ እያልሻት ነው፤ ነገ ሌላውንም ቃልሽን አታምንሽም። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተረከውን ንገሪያት። በወንበዴዎች እጅ ወድቆ የቆሰለውን ሰው ካህኑ አይቶ አለፈው፣ ሌዋዊውም አለፈው፤ ቁስሉን ያሰረለት ሳምራዊው ነበር። ይኸው ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ለሳምራዊቷ ሴት የወገኖቿ አምልኮ ትክክል እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነግሯታል። ለሕግ ዐዋቂው ግን ሳምራዊውን ምሳሌ አድርጎ ሰጠውና «ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለው። ምሕረቱን አመሰገነ፣ ስሕተቱንም ስሕተት አለው፤ አንዱ ሌላውን አላስረሳውም።

እንግዲህ ለልጅሽ እንዲህ በያት፦ «ልጄ፣ ለሌላ ሰው ብሎ ራሱን መስጠቱ በጣም ጥሩ ነው። ጌታም ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር የለም ብሏል። ማልቀስሽ አያሳፍርም። ጋብቻን ግን እግዚአብሔር ለወንድና ለሴት እንደ ሠራው እናምናለን፣ በዚህ ከፊልሙ ሠሪዎች ጋር አንስማማም። የማንስማማውን ሰው ግን አንጠላም፣ አንሰድብም።» ከዚያ ዝም በይ። ሌላ ጥያቄ ካላት ራሷ ታመጣዋለች፤ የ11 ዓመት ልጅ ከጠየቀችው በላይ ሲጫንባት ሁለተኛ አትጠይቅም።

ወደፊት ይታይ ወይስ ይቅር ለሚለው፣ ይህ የእናንተ የወላጆች ፈንታ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲያስተምር የልጅን ነፍስ በከተማ፣ ዓይንና ጆሮን በከተማዋ በሮች መስሏል። በር ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ለዘላለም የተዘጋ በር ያለው ከተማ ግን ገበያም አይቆምበት። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ወጣቶች የአረማውያንን ድርሰት እንዴት ያንብቡ ለሚለው ንብን ጠቅሷል፤ በአበባ ሁሉ ላይ እኩል አታርፍም፣ ካረፈችበትም ሁሉን አትወስድም። እንደ እኔ ከሆነ ትንሿ ብቻዋን አትይ፤ አንዳችሁ አስቀድማችሁ እዩትና የማይሆነውን እለፉት። በአጽዋማት ጨርሶ ይቅር። ወንዱ ግን 14 ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ብትከለክይው ነገ ከጓደኛው ስልክ ላይ ያየዋል። ስለዚህ ለእርሱ ከክልከላው ይልቅ አባቱ አጠገቡ መቀመጡ ይበጀዋል። ባለቤትሽ በዚያ ምሽት የተቆጣው ልጆቹን ስለሚወድ ነው፤ ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ለእርሱም ንገሪው።

ፍላሹን ማቃጠል ግን አይታየኝም፤ ላስቲክ ሲቃጠል ከመሽተት በቀር ምንም አያመጣም። ከደበቅሽበትም አውጪው። የት እንዳለ ልጆቹ ሳያውቁት አልቀሩም።